አርባ ሦስት መልስ ስለ አንድ መብራት

ጥያቄውን በአንድ የአማርኛ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ቅዳሜ ማታ፣ እናቴ ከተኛች በኋላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከቨርጂኒያ ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር የጨው ውኃ አኳሪየሙን ከነዓሣው፣ ከነኮራሉ፣ ከነአሮጌ መብራቱ ለእኔ ትቶት ሄዶ ነበር። 120 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 55 ከፍታ ያለው፣ ወደ 400 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው። ከላዩ ሁለት ባለ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ አምፖሎች ተሰቅለዋል። ለማያውቀው ሰው፣ ሳሎን ውስጥ የገባ የስታዲየም ፓውዛ በሉት። የመጀመሪያው ወር የኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲመጣ ደንግጬ ከአንድ ወዳጄ ሰማያዊ ኤልኢዲ ተውሼ ሞከርኩ። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ቤቴን ቡና ቤት እንዳስመሰልኩት ነገረችኝ። ቡና የሚጠጣበትን ቤት ማለቷ አልነበረም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ሦስት መልክ ነበረው። ሃላይዱ ይቆይ፣ ወደ ቲ5 ፍሎረሰንት ልሂድ፣ ወይስ ኤልኢዲ ልግዛ? የትኛውንም ብመርጥ ለኮራሎቹ መብቃቱን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ የግድ እንዲህ ሰማያዊ መሆን አለበት? በሁለት ወር ውስጥ 43 መልስ ተደረደረ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ ብዙ ሰው መሐል ላይ ይተወዋል ብዬ የተባለውን በራሴ አገላለጽ እዚህ አሰፍራለሁ። የዘለልኩትን ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ከዳላስ ነው፤ ከሰላምታ በኋላ ስለ መብራቱ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ገንዳው ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ጠየቀኝ። ዘረዘርኩለት፦ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቆዳ ኮራል፣ ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ የሸፈኑ ዞዋንተሶች፣ ረጃጅም ጣቶቿን በውኃው የምታወዛውዝ ዩፊሊያ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ቡናማ አክሮፖራ።

3ኛው መልስም የእርሱ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም ብዙ የተማርኩበት ይህኛው ሳይሆን አይቀርም። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ግን ዞዛንቴላ የሚባሉ ደቂቅ አልጌዎችን ያስጠልላል። እነርሱ በብርሃን አስተጻምሮ ከሚሠሩት ስኳር አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ የኪራይ ያህል ነው። መብራቱ ሲያንስ ኪራዩ ይጓደላል። አልጌዎቹም የተገኘችውን ብርሃን ለመልቀም ቀለማቸውን ስለሚያጠቁሩ ኮራሉ ቡናማ ይሆናል። የእኔ አክሮፖራ ቡናማ መሆኗን ስጽፍ ምናልባት የተራበች እንደሆነች የጠረጠረው ለዚህ ነበር። ቀጥሎ ቁጥር ሰጠ። ለአልጌዎቹ የሚረባው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ነው፤ ፓር ይሉታል። የሚለካውም በአንድ ሰከንድ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት ብዛት፣ በማይክሮሞል ነው። የሐሩር አገር ፀሐይ በጠራ ሰማይ ቀትር ላይ ወደ 2000 ትጠጋለች። አሳዳጊዎች እንደ መነሻ የሚይዙት ለለስላሶቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 100፣ ለዩፊሊያና ለዘመዶቿ ከ100 እስከ 150 ገደማ፣ ለአክሮፖራ ደግሞ ከ200 እስከ 350 አካባቢ ነው። በአንድ ገንዳ ሁሉንም ማኖር የሚቻለው አክሮፖራዋን ከላይ፣ ለስላሶቹን ከታች በማስቀመጥ ነው። ሲያበቃ የራሱን የሰዓት ልማድ ጻፈ፦ ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ። ይቺን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ጉድ ታመጣለች።

2ኛው መልስ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊው በርዕሴ መብራት ያልኩትን እንደ አገሩ ሰው ኃይል ብሎ ተረዳውና፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ በሰፊው አስረዳ። ጨዉን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣለት ትንሽ ገንዳ አለው። እርሱ እንደሚለው ኮራል ያለ ብርሃን ጥቂት ቀን ይከርማል፤ በባሕሩም ላይ ደመናና ማዕበል ለቀናት ሰማዩን ይሸፍናሉ። የማይታገሠው የውኃው መቆም ነው። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅኑ እየሳሳ ይሄድና በሰዓታት ውስጥ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ ከባትሪው ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው የአየር ፓምፑ ነው፤ አምፖሉ የመጨረሻ ነው። 4ኛው መልስ ያልተጠየቀውን መለሰ ብሎ አላገጠበት፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን በኋላ መልሼ ዋጥኩት።

ከ5ኛው ጀምሮ ጎራ ተለየ። የፍራንክፈርቱ ሰው የቲ5 ወገን ነው። ነገሩን እንደ ሒሳብ ሹም ነው የሚያቀርበው፦ ቱቦው 16 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የ120 ሳንቲሜትሩ 54 ዋት ይበላል፤ ስድስት ቢደረደር 324 ዋት። ከረጅም ቱቦ የሚወጣ ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚደርስ የቅርንጫፉ ሆድ እንኳ ጥላ አያርፍበትም። ኤልኢዲ ግን ከጥቂት ነጥቦች ስለሚወረወር የላይኛው ቅርንጫፍ የታችኛውን ያስርበዋል። ጉዳቱንም አልሸሸገም፤ ቱቦዎቹ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይደክማሉ፤ ለዓይን እየበሩ ለኮራል ግን ይከስማሉ፤ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ግድ ነው።

የሚኒሶታው ሰው በ6ኛው ለሃላይድ ጥብቅና ቆመ። ወንድሜ እያለ ነው የጻፈልኝ፤ አላረምኩትም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ክረምት ነው፤ በእርሱ አገር በረዶ ጉልበት ሲደርስ የሃላይዱ ሙቀት ውኃ ማሞቂያውን ያሳርፋል። ሁለተኛው ግን ምክንያት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ሃላይድ ብርሃኑ ከአንዲት ነጥብ ስለሚፈልቅ የውኃው ሞገድ ይሰብረውና አሸዋው ላይ የሚሯሯጥ የብርሃን መረብ ይሠራል። ይህን ሳነብ ከሶፋዬ ተነሥቼ ገንዳዬን ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው።

የድባይዋ እኅት በ7ኛው ይህን ፍቅር በነሐሴ ሙቀት መለሰችለት። ሁለት ሃላይድ ሰቅላ ውኃዋ 31 ዲግሪ ገብቶባት ነበር፤ ኮራሎች የሚመቻቸው ከ24 እስከ 27 ባለው ነው። የውኃ ማቀዝቀዣ ገዛች፤ ማቀዝቀዣው ከውኃው ያወጣውን ሙቀት ሳሎኑ ላይ ተፋው፤ ሳሎኑን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ሌላ ማሽን ሌት ተቀን ሠራ። አምፖሉን ለማብራት፣ አምፖሉ ያሞቀውን ለማብረድ፣ ያን ያበረደውን ለማብረድ፤ ለአንድ መብራት ሦስት ጊዜ ስትከፍል ከርማ ኤልኢዲ ገዛች። ያስጠነቀቀችኝ ነገር ግን ከሒሳቡ ይልቅ ጠቀመኝ። በሁለት ጫፉ የሚገባው የሃላይድ ዓይነት አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግድለት መስታወት ከፊቱ ከሌለ ኮራሉን ያቃጥላል። እርሷ ለጽዳት አንሥታው ሳትመልስ ቀርታ የቆዳ ኮራሏ በሁለት ቀን ጠውልጎ አገኘችው። መስታወቱ አለ ወይ ስትለኝ አለ አልኳት። ንጹሕ ነው ወይ አላለችኝም። እኔም አላሰብኩም።

8ኛው በስልክ ብርሃን መለካት የሚቻልበትን ፕሮግራም ጠቆመ፤ ሰላሙም እዚህ ላይ አበቃ። ፍራንክፈርት በ9ኛው ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን አደጋ እንደሆነ ጻፈ። ስልኩ የሚቆጥረው ሉክስ ነው፤ ሉክስ የተሠራው በሰው ዓይን ልክ ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። 450 አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ግን ዓይን በጣም አሳንሶ ያያል፤ ለአልጌው ደግሞ ዋናው እንጀራ እርሱ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ኤልኢዲ በሉክስ ሲለካ ደካማ ይመስላል፤ ባለቤቱ ኃይሉን ይጨምራል፤ ኮራሉ ይነድዳል። የ8ኛው ጸሐፊ በ10ኛው መልሱ ፍራንክፈርትን ዶክተር ብሎ ጠራው። ለማክበር አልነበረም። አሥር ዓመት ያለ መለኪያ በዓይኑ ብቻ እንዳሳደገና ኮራል ቁጥር እንደማያነብ አከለ። 11ኛው ፎቶ ጠየቀ። 12ኛው ፎቶ አመጣ። ፎቶው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማያዊ ስለነበረ ኮራሉ ይኑር ይሙት መለየት አልተቻለም። 13ኛውን አላወሳውም፤ ቤተሰብ ያነብበዋል።

14ኛዋ ክሩን አዳነችው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እኅት ናት፤ እውነተኛ የፓር መለኪያ አላት፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ። በሚቀጥለው እሑድ ይዛው እንደምትመጣና እኔ ቡና እንዳፈላ አስታወቀች። ስለ እሑዱ በቦታው እነግራችኋለሁ።

15ኛው መልስ ላይ ሁላችንም ዝም ብለን አነበብን። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አባት ናቸው፤ አኳሪየም የላቸውም፤ ኮራል የሚለውን ቃል አይተው ነው የገቡት። ከዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ሲጠልቁ፣ በጥልቁ ውስጥ ሁሉም ነገር አመዳም ሰማያዊ እንደሚመስል፣ የእጅ ባትሪ ሲያበሩበት ግን ድንገት ቀዩና ብርቱካናማው እንደሚፈነዳ ጻፉ። አንድ ጊዜ እጃቸውን ድንጋይ ቧጥሮት የወጣው ደም ጥቁር አረንጓዴ መስሎ ስለታያቸው፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቀይ ሆኖ እስኪያዩት ልባቸው አልተመለሰም ነበር። የዳላሱ ሰው ጋሼ ብሎ አመስግኖ ምክንያቱን አስቀመጠ፦ ውኃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ብርሃን ነው፤ አሥር ሜትር ሲደረስ የሚቀረው ቀይ ጥቂት ነው፤ ሰማያዊው ግን ይዘልቃል። ሰማያዊ መብራት ከዚህ ነው የመጣው። ቡና ቤት ሳይሆን ጥልቀት ነው የምንመስለው ብዬ ለእናቴ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት።

ከዚያ ምጽዋ የሚለው ስም የራሱን ሥራ ሠራ። ከ17 እስከ 21 ያሉት መልሶች ስለ ወደብ ነበሩ። ስለ መብራት አንድ ቃል የላቸውም። የመድረኩ ጠባቂ ሰርዟቸዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

በ22ኛው ከአሽዶድ የሚጽፍ ሰው ወደ ቀይ ባሕሩ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ኤይላት ወሰደን። እዚያ ኮራል ከባሕር ማንሣት በሕግ ክልክል ነው። ለንግድ የሚመጣውም ድንጋያማ ኮራል በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ስር ስለሚገኝ ድንበር የሚያልፈው በፈቃድ ነው። ስለዚህ ከሌላ አሳዳጊ የተቆረጠ ቁራጭ መግዛት ለሕሊናም ለኪስም ይሻላል ባይ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ስለ አንዲት ዝርያ የጻፈው ነው። ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የምትባለው ኮራል በኤይላት ከውኃው አፍ ጀምሮ 60 ሜትር እስከሚያልፍ ጥልቀት ድረስ ትገኛለች። ከላይ ያለችው ክብ ቁጥቋጦ ናት፤ ከታች ያለችው ቅርንጫፏን እንደ ተዘረጋ መዳፍ ጠፍጣፋ አድርጋ የምትወርደውን ብርሃን ትቀበላለች። ያው አንዱ ፍጥረት በብርሃኑ ልክ ገላውን ይሰፋል። ይህ ሰው እንደሚለው ኮራሉ ከመብራቱ ጋር ይለማመዳል፤ የሚገድለው የመብራቱ ዓይነት ሳይሆን የለውጡ ፍጥነት ነው። ለአንድ ገንዳ መብራት ለሚመርጥ ሰው ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ያዢ ብባል ይህን እይዛለሁ።

ሰማያዊነቱ ላይ የነበረው ክርክር ከ23 እስከ 27 ሄደ። አንደኛው ወገን ነገሩ ሁሉ የነጋዴ ማታለያ ነው ይላል። ብዙ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ሰማያዊውን ጨረር ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች አሏቸው። ሻጩ ጥቁር ሰማያዊ መብራት ስር አቁሞ ፎቶ ያነሣዋል፤ ገዢው እንደ ፋኖስ የሚበራ ነገር ገዝቶ ቤቱ ነጭ መብራት ስር ሲያስቀምጠው ቡናማ ይሆንበታል። የድባይዋ እኅት ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል፤ ለሦስተኛው ሻጩን በነጭ መብራት የተነሣ ፎቶ ስትጠይቀው መልስ አልሰጣትም። ሌላው ወገን የሰማያዊው ቀለም ጥፋት በኤልኢዲ መላከኩ አልተዋጠለትም። ሃላይድም በብርሃን ቀለም መለኪያው ባለ 20,000 ኬልቪኑ ሰማያዊ ነው፤ ባለ 10,000ው ነጭ፤ 14,000 መሐል ነው። አንዱ ደግሞ ጠብ ማብረጃ ይሆናል ብሎ ይመስለኛል ሁለት የኖቤል ሽልማቶችን አነሣ፦ ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊ ዓሣ ያገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን በ2008 የኬሚስትሪውን፣ ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስገኙት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክሱን። ሁለቱ ሽልማቶች አንድ ገንዳ ውስጥ ተገናኝተው እኛ በዓይነቱ እንጣላለን። ጠቡ አልበረደም፤ ነገሩን ግን ወደድኩት።

የአዲስ አበባው ሰው በ28ኛው ሌላ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ፀሐይ በነፃ እያለች ለምን እከፍላለሁ? አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ አይርቅም። ዳላስ ሐሳቡ ጅል እንዳልሆነ አረጋገጠለት፤ ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮራሎቹን በተፈጥሮ ፀሐይ፣ ደቂቅ ነፍሳት ባደሩበት የባሕር ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ያሳድግ ነበር። ችግሩ በመስኮት በኩል ከጎን የሚገባው ፀሐይ መስታወቱን በአልጌ መሸፈኑና ውኃውን ማሞቁ ነው፤ የሐምሌ ደመናም አለ። የመጨረሻው ምክር ትንሽ ኤልኢዲ ለክረምቱ፣ ፀሐይ ለበጋው የሚል ሆነ። እንዳደረገው አልነገረንም።

29ኛው መልስ ያ ጉድ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ወጣት፣ አማርኛውን በትጋት የሚጽፍ፣ የዳላሱን ምክር ተከትሎ ታይመሩን ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሞልቶት ነበር፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሳሎኑ ይበራል፤ እኩለ ቀን ላይ ይጨልማል። ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ ጨለማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታይመሩ ተበላሽቷል ብሎ ሁለተኛ ገዛ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። ከታች ያለው ጎረቤቱም ሌሊት ለምን እንደሚነቃ ጠይቆታል። ኮራሎቹ ምንም አልሆኑም፤ ስምንት ሰዓት በየትኛውም አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው። ሚኒሶታና ፍራንክፈርት በዚህ ክር አብረው የሳቁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ሳቁ ሳይበርድ 30ኛው መጣ። ጠንካራ ኤልኢዲ ገዝቶ የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ኃይል ያበራ ጀማሪ ነው፤ በአራተኛው ቀን አክሮፖራው ነጭ ሆነበት። ኮራል ብርሃን ሲበዛበት አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጩ አፅሙ በሥጋው አሳልፎ ይታያል። 31ኛው መመሪያ የማያነብ ሰው ሕያው ነገር መግዛት የለበትም ብሎ ገሠጸው። ግሣጼው ልክ ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። የአዲስ አበባው ሰው በ32ኛው ልጁን ተው ብሎ ገላገለው፤ ነጭ መሆን መሞት እንዳልሆነ፣ ሥጋው እስካለ ድረስ ብርሃኑን ወደ ሲሶ አውርዶ ቢጠብቅ ሊመለስ እንደሚችል ነገረው።

አሁን እሑዱ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እኅት መለኪያዋን በረጅም ዘንግ ጫፍ አስራ መጣች። እናቴ ጀበናውን ጥዳለች፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ እኛ እንደ ሐኪም ገንዳው ላይ አጎንብሰናል። አሮጌውን ሃላይድ አብርተን ለካን። አክሮፖራዋ ጋ 210፣ ዩፊሊያዋ ጋ 95፣ አሸዋው ላይ 40። እንግዳዬ ቁጥሩን አላመነችም። አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ሁለተኛውን ቡና ጠጣን፤ ከዚያ እጇን ወደ ላይ ሰዳ የአምፖሉን መከላከያ መስታወት በጣቷ አበሰችው። ጣቷ እንደ ዱቄት ነጣ። ከውኃው የሚፈነጠቀው ጠብታ ወር ከወር እየደረቀ መስታወቱን በጨው ለስኖታል። እናቴ ከወጥ ቤት አቼቶ ይዛ መጣች፤ ፈትገን፣ አጥበን፣ አድርቀን መለስነው። 280፣ 130፣ 55። አንድም አምፖል ሳይቀየር።

ይህን በ33ኛው ለጠፍኩ። ሚኒሶታ በ34ኛው በድል ጨፈረ። ድባይ በ35ኛዋ የአምፖሎቹን ዕድሜ ጠየቀች፤ ባልደረባዬን ደውዬ ስጠይቀው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሃላይድ በየዓመቱ ገደማ ይቀየራል፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ድንገት ማስገባትም በ30ኛው ላይ የደረሰውን ሊያደርስ ይችላል። 36ኛው ደግሞ ስለታም ነበር። እጄን ሳልታጠብ ማዕድ እንደቀረብኩና የሰው ሁሉ ቅዳሜና እሑድ በጨው ምክንያት እንደባከነ ጻፈልኝ። ምን እመልሳለሁ? ልክ ነው።

ቢሆንም ኤልኢዲ ገዛሁ። ሒሳቡን በ37ኛው አስቀምጫለሁ፦ ሃላይዱ 500 ዋት በስምንት ሰዓት በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ አዲሶቹ ሁለቱ አንድ ላይ 200 ዋት፣ ቢበዛ አሥር ሰዓት ቢበሩ 2 ኪሎዋት ሰዓት። ከውኃው 25 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌ ሰቅዬ ከኃይላቸው 40 በመቶ ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ 5 በመቶ ጨመርኩ። በአራተኛው ሳምንት መለኪያውን ድጋሚ ተውሼ አክሮፖራዋ ጋ 240 ሳገኝ አቆምኩ። ጫፎቿ ላይ ፈዛዛ ሐምራዊ ወጥቷል። ፍራንክፈርት በ38ኛው በግራና በቀኝ አንድ አንድ የቲ5 ቱቦ ብጨምር ጥላው እንደሚጠፋ መከረኝ፤ ምናልባት አንድ ቀን።

39ኛው የእኔ ነው፤ ለ2ኛው መልስ የዘገየ ምስጋና። በዚያ ሳምንት ማዕበል መጥቶ ሰፈራችን ለዘጠኝ ሰዓት ያለ ኤሌክትሪክ ቀረ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነበረኝ፤ የገዛሁት የሳቅኩበትን መልስ ሁለተኛ ካነበብኩ በኋላ ነው። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አረፋውን ስሰማ አደርኩ። አንድም ዓሣ አልሞተም። የአዲስ አበባው ሰው በ40ኛው ምንም አይደለም፣ መብራት ስንል መብራት ነው የሚል መልስ ሰጠኝ።

41ኛው የዓሣ ምግብ ዋጋ ጠየቀ፤ 42ኛው ሌላ ክር ክፈት አለው። 43ኛው ከምጽዋው አባት ነው፤ እናቴ ሰማያዊውን ለመደችው ወይ ብለው ጠየቁ።

አሁን ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነጩና ሰማያዊው አብረው ይበራሉ፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ሰማያዊው ብቻውን ይቆያል። እናቴ ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ገንዳው ፊት ትስባለች። ዩፊሊያዋን ጎፈሬ ብላ ስም አውጥታላታለች፤ ጎፈሬ ዛሬ አልተከፈተችም፣ ጎፈሬ ዛሬ ደስ ብሏታል ትለኛለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆንና ነጩ ሲጠፋ ግን ተነሥታ የሳሎኑን መብራት ታበራለች። ለጋሼ እንደዚያው ብዬ መለስኩላቸው።